ቦርከና ለምን ወደ ደቡብ ይታጠፋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

በኩታበር፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ላላችሁ አድማጮቻችን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለሚጓዝ መሬት ነው። ጎርፍ ስለሚወስደው አፈር ማለቴ አይደለም። ተራራውን፣ ከተማውንና ባሕሩን እንደተሸከመ ስለሚሄደው ስለ ምድር ቅርፊት ነው።

ከአንድ ጥያቄ እንነሣ። ቦርከና ከኩታበር አካባቢ ይነሣል፤ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገዱን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ አለ፤ ከዚህ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ አገር ነው። ውሃ ቁልቁለት ይወዳል፤ ስለዚህ ቦርከና በቀጥታ ወደ ባቲ፣ ከባቲም ወደ ሚሌ መሮጥ ነበረበት። አይሮጥም። ወደ ደቡብ ታጥፎ በጨፋ ረግረግ እየተኛ፣ በከሚሴ አቅጣጫ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው አዋሽን የሚያገኘው።

የኩታበር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። በምዕራብ በኩል የጣለው ዝናብ ወደ በሽሎ ይወርዳል። በሽሎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በቦርከና በኩል የወረደው ግን ባሕር አያይም። አዋሽ ይዞት ሄዶ አፋር በረሃ ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያስቀረዋል። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ዕጣ ይገጥመዋል። ውሃውን እንዲህ ያከፋፈለው ከሥር ያለው መሬት ነው፤ እንዴት እንዳከፋፈለው ለመረዳት ደግሞ ጥቂት ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከምንቆምበት መሬት እስከ ምድር እምብርት ድረስ 6,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰው ልጅ በቁፋሮ የደረሰበት ጥልቀት፣ በሩሲያ የኮላ ጉድጓድ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከዚያ በታች ስላለው የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከመሬት መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡ የሚልከው ሞገድ ምድርን ሰንጥቆ ሲያልፍ በጠንካራው አለት ይፈጥናል፣ በጋለው ይዘገያል፣ ፈሳሽ ሲያገኝ ደግሞ አንደኛው ዓይነት ሞገድ ጨርሶ አያልፍም። መሣሪያዎች በየአገሩ ይህን መዝግበው ነው የውስጡን ሥዕል የሰጡን።

ላይኛው ክፍል ቀዝቃዛና ደረቅ አለት ነው። ውፍረቱ ብዙ ቦታ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ወጥ ግን አይደለም፤ ተሰነጣጥቆ ሰባት ታላላቅና ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ሆኗል። እነዚህን ነው ቴክቶኒክ ፕሌቶች የምንላቸው፤ እኔ በአማርኛ ሰሌዳ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከሰሌዳዎቹ በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ማንትል ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ሰሌዳዎቹ በቀለጠ እሳት ባሕር ላይ እንደሚንሳፈፉ አድርጎ ያስባል። ማንትል ግን አብዛኛው ጠጣር አለት ነው። ነገር ግን በጣም የጋለና ከፍተኛ ጫና ያለበት ስለሆነ፣ በሚሊዮን ዓመታት ጊዜ ውስጥ ሲታይ ይፈሳል። ዛሬ በመዶሻ ብትመቱት ይሰበራል፤ ጊዜ ከሰጣችሁት ይሄዳል።

አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ብሎ በድፍረት የተከራከረው ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ሊቅ አልፍሬድ ቬገነር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912። የአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻና የደቡብ አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ልክክ ብለው እንደሚገጥሙ፣ በሁለቱም በኩል የአንድ ዓይነት ጥንታዊ እንስሳት ቅሪት እንደሚገኝ አሳየ። ሊቃውንቱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ ይህን ሁሉ የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው? አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞት ሐሳቡ ገና መሳቂያ ነበር። ክርክሩ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የውቅያኖስ ወለል መሃል ለመሃል እየተሰነጠቀ አዲስ አለት እንደሚያበቅል ሲታወቅ ነው።

እኔም የቬገነርን ተቺዎች አልወቅስም። ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ምን ይገፋዋል?

መነሻው ሙቀት ነው። ምድር ስትፈጠር የያዘችው ግለት ገና አልበረደም፤ በዚያ ላይ በአለቱ ውስጥ ያሉት ዩራንየም፣ ቶርየምና ፖታሲየም ቀስ በቀስ እየፈራረሱ ሙቀት ይጨምራሉ። ሙቀቱ መውጣት አለበት። የጋለው አለት ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይነሣል፤ የበረደው ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። በትምህርት ቤት የተማርነው እዚህ ድረስ ነው፤ ከታች የሚዞረው ማንትል ከላይ ያለውን ሰሌዳ ተሸክሞ ይወስደዋል ተብለናል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን እኩሌታው ነው። ሰሌዳው ራሱም ይጎትታል።

እንዲህ ነው፦ የውቅያኖስ ወለል ሲወለድ ትኩስና ቀላል ነው። እያረጀ ሲሄድ ይበርዳል፣ ይከብዳል። በመጨረሻም ጠርዙ ታጥፎ ወደ ማንትሉ ይሰምጣል። ሌሊት ባናችሁ ከመደቡ ጫፍ ትንሽ ሲንሸራተት፣ የተንጠለጠለው ክብደት የቀረውን እየሳበ ጠዋት ሁሉም መሬት ላይ ይገኝ የለ? የሰመጠው ጠርዝም ከኋላው ያለውን ሰሌዳ በሙሉ እንዲሁ ይጎትተዋል። ለዚህ ነው ጃፓንን በመሰለ ቦታ ረጅም የሚሰምጥ ጠርዝ ያለው የፓሲፊክ ሰሌዳ በዓመት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሮጠው። አፍሪካ ግን በአብዛኛው ዙሪያዋ አዲስ ወለል በሚወለድባቸው ስንጥቆች የተከበበች ናት፤ የሚስባት ጠርዝ ጥቂት ነው። አካሄዷ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አፋር ውስጥ ሦስት ሰሌዳዎች ይገናኛሉ፤ ቢባል ይሻላል፣ ይለያያሉ። እኛ ያለንበት፣ ከኩታበር ወደ ምዕራብ እስከ አትላንቲክ የሚዘልቀው የኑቢያ ሰሌዳ ይባላል። በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሐረርጌንና ባሌን ይዞ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሄደው የሶማሊያ ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው የዓረቢያ ሰሌዳ ነው፤ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ከፍቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሸሸው እሱ ነው።

ዓረቢያን ማን ጠራው? ከሰሜኑ በኩል ጥንት ሰፊ ውቅያኖስ ነበር፤ ወለሉ በዛሬዎቹ ኢራንና ቱርክ ሥር ሰመጠ። ያ የሰመጠ ጠርዝ ከኋላው ያለውን መሬት ጎተተ። ከወዲህ ደግሞ፣ ከማንትሉ ጥልቅ ቦታ የጋለ አለት በአፋር ሥር ወደ ላይ እየወጣ ቅርፊቱን አሞቀው፣ አሳሳው፣ አገሩንም ከፍ አደረገው። ከፍ ያለ አገር ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መዘርጋት ይፈልጋል። ከሩቅ የሚስብ፣ ከሥር የሚያለሰልስና ከላይ የሚከብድ ኃይል አንድ ቦታ ተገናኙ። ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ዛሬም ሊቃውንትን የሚያከራክር ነው።

የዚህ ሁሉ መጀመሪያ በእጃችን የሚዳሰስ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍቶ ቅልጥ አለት እየተደራረበ ፈሰሰ፤ በአንዳንድ ቦታ ድርድሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ደረሰ። የወሎ፣ የጎንደር፣ የጎጃምና የሸዋ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ያ ነው። በሐረጎ ስትወርዱ መንገዱ ገደሉን የቆረጠበትን ግድግዳ ተመልከቱ፤ ባዛልቱ እርከን በእርከን ተነባብሮ ይታያል። እንዲህ ባለው ድርድር ውስጥ አንዳንድ ቦታ በጥቁሩ መሃል ቀጭን ቀይ መስመር ይገባል። ያ መስመር አንዱ ፍሰት ከበረደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ፀሐይና ዝናብ ያገኘው አፈር ነው። ምናልባት ሣር በቅሎበት ነበር። ከዚያ ቀጣዩ እሳት መጥቶ አተመው።

ቀጥሎ ዓረቢያ መራቅ ሲጀምር ይህ የተነባበረ ድንጋይ ተወጠረ። ድንጋይ ሲወጠር እንደ ጎማ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ከኩታበር በስተምሥራቅ ያለው ጠርዝ ተቆራርጦ ወደ አፋር በኩል ደረጃ እየሠራ ወረደ። ነገር ግን ደረጃው የተስተካከለ አልሆነም። አንዳንዱ ብሎክ ከጎረቤቶቹ በላይ ሰምጦ ረጅም ገንዳ ሠራ፤ ከምሥራቁ ያለው ደግሞ ሳይሰምጥ እንደ አጥር ቀረ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል እንደዚህ ያለ ሰርጥ ውስጥ ተቀምጣለች። የኮምቦልቻና የጨፋ ሜዳም እንዲሁ ነው። ቦርከና ወደ አፋር በቀጥታ ያልሄደው በዚህ ምክንያት ነው፦ ከፊቱ አጥር አለ፤ ገንዳውን ተከትሎ ወደ ደቡብ መፍሰስ ግድ ሆነበት። ከኮምቦልቻ በደጋንና በገርባ በኩል ወደ ባቲ የምትሄዱ ሰዎች አጥሩን በመኪና ተሻግራችሁታል ማለት ነው። የሰኞ ገበያ የምትውሉት አጥሩን አልፋችሁ፣ ከደገኛውና ከአፋሩ ጋር በደረጃው ዝቅ ባለ እርከን ላይ ነው።

የሐይቅንም ነገር እናንሣ። ስለ ሐይቁ አመጣጥ የሚነገረውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበድላ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ እርሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያ ነው ይባላል። የሥነ ምድር ሰው የሚለው ሐይቁ ያረፈው በዚሁ የጠርዝ ስንጥቅ በሰመጠ ጎድጓዳ ላይ ነው። ሁለቱም ትረካዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ መሬቱ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም።

(አጭር ሙዚቃ)

ፍጥነቱ ስንት ነው? ዓረቢያ ከእኛ የሚርቀው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ ነው። የሶማሊያ ሰሌዳ ደግሞ በዋናው ስምጥ ሸለቆ በኩል በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት ሰገሌ ላይ ከተዋጉ ወዲህ ዓረቢያ የሄደው ሁለት ሜትር ያህል ነው።

ይህ አማካይ ነው። መሬት ግን በየዓመቱ ድርሻዋን እየቆጠረች አትከፍልም። ውጥረቱ በአለቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንድ ቀን አለቱ አልችል ሲል ውዝፉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። መንቀጥቀጥ የምንለው ያንን ነው።

እድሜያችሁ የገፋ አድማጮች 1953 ዓ.ም.ን ታስታውሱ ይሆናል። በዚያ ዓመት ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በአዲስ አበባው መንገድ ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠች። ትልቁ ግንቦት 24 ቀን ደረሰ፤ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፣ አስፋልቱ ተሰነጣጠቀ። አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን ይህን መዝግበውታል፤ በኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ወደመች፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ መንገድ ይመላለሱ የነበሩ የኮምቦልቻ ሾፌሮች ሰርዶን ከሊቃውንቱ ቀድመው ያውቋት ነበር።

ለዓለም ሊቃውንት ግን ትልቁ ትምህርት የመጣው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ነው። ከደሴ በቀጥታ ሲለካ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባል ተራራ ዙሪያ መሬቱ ለቀናት ተናወጠ። መስከረም 16፣ ደመራ በሚበራበት ቀን፣ ዳዑሬ ከተባለ ቦታ አመድ ፈነዳ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የውጭ ባልደረቦቻቸው በሳተላይት ራዳር መሬቱን ሲለኩ ያዩት ፍንዳታውን የሚያስንቅ ነበር፦ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር መሬቱ ተከፍቷል፤ በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር። ክፍተቱን ከሥር የመጣ ቅልጥ አለት ሞላው፤ እዚያው በርዶ አዲስ ቅርፊት ሆነ። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብለን ብናሰላ፣ 8 ሜትር የ400 ዓመት ውዝፍ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ተከፈለ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሌሎች 13 ትናንሽ ክፍተቶች ተከትለውታል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማንም በማያየው የውቅያኖስ ወለል ነው። በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ለማየት ከአይስላንድና ከአፋር የተሻለ ቦታ የለም።

የቅርቦቹን ታውቋቸዋላችሁ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ በኩል ለወራት የቆየው መንቀጥቀጥ ትልቁ መጠኑ 6 ደርሶ፣ የአዲስ አበባን ፎቆች አወዛውዟል፣ አስር ሺዎችን ከቀዬአቸው አስነሥቷል። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን ደግሞ፣ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በጽሑፍ ያልተመዘገበው የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቁጥር በስልካችን አንድ ዓይነት ወሬ ይዘዋወራል፤ «አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው» ይላል። መከፈሉ እውነት ነው፤ ከጀመረች ግን ሚሊዮን ዓመታት ተቆጥረዋል። ወሬው የሚያስፈራን በማይነካን ነገር ነው፤ የሚነካንን ሳይነግረን ያልፋል። እኛን የሚነካን መካከለኛ መንቀጥቀጥና ቤታችን ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ካብ ሲናወጥ ይበተናል፤ ክብደቱም ሰው ላይ ይወርዳል። በማገርና በወራጅ የታሰረ የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን ይወዛወዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ አይናድም። በደጋው የድንጋይ ቤት የሚሠራ ሰው ማዕዘኖቹን ረጃጅም ድንጋይ እያጠላለፈ፣ ከግድግዳው ላይም ዙሪያውን የእንጨት ወይም የኮንክሪት መቀነት ቢያስርለት ብዙ ልዩነት አለው። ቆርቆሮው እንዳይነሣ ጣራ ላይ የሚጫነው ድንጋይስ? እሱን ከቤት ውጭ አስቀምጡት፤ ቆርቆሮውን ምስማር ይያዘው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመሰናበታችን በፊት ደጋግሞ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ፦ አፋር ባሕር ሲሆን ኮምቦልቻ የባሕር ወደብ ትሆናለች ወይ?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ መሠረት ግን አለው። የደንከል ዝቅተኛ ቦታ ዛሬም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቀይ ባሕር ከዚህ በፊት ገብቶበት ያውቃል፤ በበረሃው ዳር የባሕር ዛጎልና ኮራል ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ጨው፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የወጣው፣ ያ ባሕር ደርቆ የተወው ነው። ዛሬ ውሃውን የያዘው በኤርትራ በኩል ያለ ከፍ ያለ መሬት ነው። ሰሌዳዎቹ በዚሁ ከቀጠሉ አንድ ቀን ይገባል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን በሚሊዮን ዓመት ነው።

ቢገባም ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከዚያ አጥር ወዲህ ነው ያለችው። የባሕር ዳርቻው ከባቲ ቁልቁል፣ በአፋር ቆላ ውስጥ ይሆናል። የኮምቦልቻው ደረቅ ወደብ ደረቅ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ጭነቱንም እስከዚያው መኪና ያመላልሰው።

በሚቀጥለው ሳምንት በክረምት ስለሚንሸራተተው የደሴ ተዳፋት እንነጋገራለን። ቤቱ የተሰነጠቀበት ሰው ሁሉ ጥፋቱን በመንቀጥቀጥ ላይ ቢጥልም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዝናብና መውረጃ ያጣ ቦይ ነው። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)